ተራ ስህተት

መናኸሪያው በር ሥር ጫማ ስሰፋ ብዙ ዓመቴ ነው። ጧት ጧት ወራጁና ተሳፋሪው በአንዲት በር ሲጋፉ የሚገነጠለው ተረከዝ መተዳደሪያዬ ነበር። ያንን ሕዝብ ለማሰለፍ የሚታገለው ደግሞ ተራ አስከባሪው ጓደኛዬ ነው። ፊሽካው ከአንገቱ ስለማይወርድ ስሙ ተረስቶ «ጋሽ ፊሽካ» ሆኗል፤ ተኝቶም ይነፋዋል እያልን እናማዋለን። ቢሆንም ያለ እሱ ሰው በሰው ላይ ይረጋገጥ ነበር፤ ይህንንም አሳምሮ ያውቃል።

ታናሽ እህቱን ትኬት ቆራጭ አድርጎ ያስቀጠራት ራሱ ነው። እሷም በመስኮቷ ግርግሩን ስታይ ከርማ፣ «ወራጁ በኋላ በር ይውጣ፤ አውቶቡሶቹም በየመስመራቸው ለየብቻ ይቁሙ» ብላ ለመናኸሪያው አለቃ ነገረችው። ተሞከረ። ግፊያው እንደ ጉም በነነ። ሰው በደህና ተረከዝ ቤቱ ይገባ ጀመር፤ እኔም ሥራ ፈታሁ።

ጋሽ ፊሽካ ግን አንጀቱ አረረ። አለቃው ጧት ሲገባ ቀድሞ የሚጨብጠው የእሱን እጅ ነበር፤ አሁን በቀጥታ ወደ እሷ መስኮት ይሄዳል። እናታቸው እንኳ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ መናኸሪያውን ሰው አደረገችው» ይላሉ አሉ። ልጄ የሚሉት እሷን ብቻ ነው።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» አልኩት ላጽናናው። «እሷ ጭንቅላት፣ አንተ ሳንባ።»

አልሳቀም። «አርፈህ ጫማህን ስፋ» አለኝ። «ዕድሜ ልኬን የሰው ተራ ሳስከብር የራሴን ተነጠቅኩ። ያውም በታናሼ።»

አንድ ሰኞ ጧት፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ፊሽካውን ነፍቶ የረጅሙን መስመር አውቶቡስ ወደ ድሮው ቦታ፣ በሩ ላይ ጠራው። ሾፌሩ ለዚያ ፊሽካ መታዘዝ ስለለመደ ዝም ብሎ መጣ። ከኋላው ያሉትም ተከተሉት። ተሳፋሪው ሰልፉን ጥሎ ግር ሲል ወራጁ መሃል ተያዘ፤ አንዲት አሮጊት ተገፍተው ሣጥኔ ላይ ወደቁ። «ድሮስ ምኑ ተሻሻለና!» የሚል ድምፅ ሲሰማ የጋሽ ፊሽካ ፊት በራ። በዓይኔ አይቻለሁ።

እህቱ ሮጣ ወጣች። አውቶቡሱ የቆመበትን አየች፤ ቀጥላ የወንድሟን ፊሽካ አየች።

«ጋሼ፣ ንፋልኝ» አለችው። «እኔን ማን ይሰማኛል?»

ነፋ። አውቶቡሶቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ፣ በሩም ተከፈተ።

አለቃው እየተጣደፈ ደረሰ። «ማን ነው እዚህ ያስቆመው?» አለ። እኛ መናኸሪያ ሆን ብሎ በር የዘጋ ሠራተኛ በዚያው ቀን ይሰናበታል። ጋሽ ፊሽካ ፊሽካውን በጡጫው ደበቀ።

«ተራ ስህተት ነው» አለች እህቱ። «ለሾፌሩ በደንብ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።»

አለቃው ጥፋቷን ስላመነች አመስግኗት ሄደ። እሷም ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

ጋሽ ፊሽካ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሥራህ ተረፈልህ አልኩት።

«ሰማሃት?» አለኝ። «ተራ ስህተት አለችው። ተንኮሌን እንኳ ተራ አደረገችብኝ።»

«ታዲያ ሄደህ ይቅርታ ጠይቃታ።»

«ልጠይቃት ተነስቼ ነበር» አለ፣ ዓይኑን ከመስኮቷ ሳይነቅል። «ሳልጠይቃት ቀድማ ይቅር ብላኛለች። በዚህ እንኳ ተራ አትጠብቅም?»