ማን ማንን አስያዘ

የመጀመሪያው ጥፊ ያረፈብኝ ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብዬ የባሌን ሸሚዝ ሳጥብ ነበር። እሱው ከኋላዬ መጥቶ ሲመታኝ ፊቴ ሳፋው ውስጥ ገባ። የሳሙናው ውሃ ዓይኔን እያቃጠለኝ ቀና ስል ፀጉሬን ጨምድዶ ያዘና፣

«ምንድን ነው ያስያዝሽኝ?» አለኝ።

የምንኖረው መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከአንዲት ባልቴት ሁለት ክፍል ተከራይተን ነበር። ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ የሚመላለሰው ጅቡቲ ነው፤ አንዴ ከወጣ ሳምንታት ይቆያል። ያን ጊዜ ከመጣ ጥቂት ቀኑ ነበር። ሲሸና እንደሚያቃጥለው፣ መግል እንደሚወጣው የነገረኝ እየመታኝ ነው።

ሳሪስ አካባቢ የሚኖር፣ ድሮ የጦር ሠራዊት ድሬሰር፣ ቁስል አሳሪ፣ የነበረ ወዳጅ ነበረው። ሰውየው ቤቱ ውስጥ መርፌ ይወጋል። ለባሌም አንድ መርፌ ወግቶ፣ ጨብጥ መሆኑን ነግሮት፣ በላዩ ላይ ምክር ጨመረለት፤ የሚያመው የተያዘው ነው፣ የማያመው ያስያዘው ነው ብሎ። ባሌ ይህንን ይዞ ነው የመጣው።

«አንቺን ያምሻል?»

«ምንም አያመኝም።»

«አየሽ!» አለና ጎኔን በእርግጫ አለኝ።

እኔ ከእሱ በቀር ወንድ አላውቅም። ይህንን ስምለት በየመሐላው መሐል ይመታኝ ነበር። ደክሞት ሲወጣ የቧንቧውን ብረት ይዤ ተነሣሁ።

ሥራዬ ነፋስ ስልክ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ የአስመጪ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊነት ነበር። በማግሥቱ ጥቁር መነጽር አድርጌ ገባሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ በር ገጨኝ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ዓመት ኢንተርኔት አስገብቶ ነበር። በስልኩ መስመር ስለሚሠራ፣ ሲከፈት እየተንጫጫ ይቆይና ስልኩን ይይዘዋል። ከውጭ ደንበኞች ጋር የምጻጻፈው እኔ ስለሆንኩ አከፋፈቱን ተምሬያለሁ። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ በሩን ቆልፌ፣ መዝገበ ቃላቱን አጠገቤ አድርጌ፣ የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ጻፍኩ።

አንዱ ገጽ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሻይ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐኪም ነኝ የሚል ሰው ለጠያቂዎች መልስ የሚሰጥበት ነበር። ምንም የማይሰማት ሴት ምንም የለባትም፣ መድኃኒት መውሰድም የለባትም ይላል። ደስ አለኝ። ባሌ ፊት የማነበው ይህንን ነው ብዬ ልነሣ ስል፣ ከታች ራሱ የሚሸጠው የቅጠል ዱቄት ሥዕል ወጣ። ተጠራጠርኩት። በሌላ ቀን ያገኘሁት ደግሞ ተቃራኒውን ይላል፤ ብዙ ሴቶች ሳያማቸው ይያዛሉ፣ ካልታከመ ወደ ማሕፀን ወጥቶ ሊያመክን ይችላል፣ ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ ካልታከሙ እየተመላለሰ ያማቸዋል። ይኸኛው የሚሸጥ ነገር የለውም፤ ሐኪም ቤት ሂዱ ነው የሚለው። ሦስተኛው በሽታው ከሽንት ቤት መቀመጫና ከእርጥብ ፎጣ ይይዛል ይላል።

በዚያ ሳምንት የማስበው ስለ ሦስተኛው ነበር። ልክ ይሁን አይሁን ግድ አልሰጠኝም። «ከጅቡቲ መንገድ ሆቴል ሽንት ቤት ነው የያዘህ» ብዬ ብነግረው እሱም ነጻ ይወጣል፣ እኔም ከዱላ አርፋለሁ። ግን ካመነኝ አንታከምም። ካልታከምን ደግሞ ተመልሶ ይነሣበታል፣ እንደገና ይገድለኛል። በላዩም ማሕፀን የሚለው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ልጅ እፈልግ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ አቅርቤለት፣ ሁለተኛውን ነገርኩት።

«ያነበብኩት አለ። ሴት ሳያማት ሊይዛት ይችላል ይላል። ማን አመጣው የሚለውን እንተወውና አብረን እንታከም» አልኩት።

እጁን ከትሪው አነሣ።

«ሳያማት ይይዛታል?»

«አዎ።»

«ታዲያ አንቺ ላይ ነበር ማለት ነዋ!»

ያን ጊዜ ገባኝ። ካመመኝም እኔ ነኝ፣ ካላመመኝም እኔ ነኝ። የትኛውንም ገጽ ባነብለት የሚወጣው አንድ ነገር ነው። ትሪውን በእግሩ ገለበጠው። ቀበቶውን ፈትቶ ጫፉን እጁ ላይ ጠቀለለና በዘለበቱ ብረት ይሰነዝር ጀመር። አንዱ አፌ ላይ አረፈ፤ የፊት ጥርሴ ተሰብሮ ምላሴ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ። ጥርሴን ከደሜ ጋር ተፋሁት። ጀርባዬን አዙሬ ጥግ ውስጥ ተቀረቀርኩ፤ እየጎተተ አዞረኝ።

የቤቱ ባለቤት፣ እማማ የምንላቸው ባልቴት፣ በሩን ከፍተው ገቡ።

«በግቢዬ ነፍስ አታጥፋ! አንተ ሰው፣ ልቀቃት!»

ደረታቸውን ገፈተራቸው። ወገባቸው የበሩ ደፍ ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ ከእኔ ጥርስ ይልቅ አመመኝ። ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ መነሣት አቃታቸው። እሱ ግን ቀበቶውን በእሳቸውም ላይ አነሣ።

ዘነዘናው ሙቀጫው ውስጥ እንደቆመ ነበር። በሁለት እጄ መዝዤ ክንዱን መታሁት። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ጮኸ፣ ቀበቶው ወደቀ። ደግሜ ትከሻውን መታሁት። በጉልበቱ ሲንበረከክ ጭንቅላቱ ፊት ለፊቴ ሆነ፤ ዘነዘናውንም ወደ ላይ አነሣሁ።

«ልጄ፣ በቃ! በቃሽ ልጄ!» አሉኝ እማማ ከተኙበት።

አወረድኩት። እጄ ግን ከዘነዘናው አልላቀቅ ብሎ ነበር፤ የመጡት ጎረቤቶች ናቸው ጣቴን አንድ በአንድ ያስለቀቁኝ። ሦስታችንንም በአንድ ታክሲ ጭነው ክሊኒክ ወሰዱን። እኔና እሱ በግራና በቀኝ፣ እማማ መሐል። መንገዱ ጎድጓዳ ስለሆነ ታክሲው በዘለለ ቁጥር ሦስታችንም እናቃስታለን።

የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ነበረች። የእማማን ወገብ አይታ አልተሰበሩም አለች፤ የእሱን ክንድ አሰረች። ምን ሆናችሁ ስትል ሁሉንም ነገር፣ ከጨብጡ ጀምሬ፣ እሱ ባለበት ነገርኳት። የፊት ጥርስ በጎደለው አፌ እየተኮላተፍኩ። ሁለታችንንም መርምራ ተመለሰች።

«ሁለታችሁም አለባችሁ።»

«ማን ነው ያስያዘው? እሱን ንገሪኝ!» አላት ባሌ።

«ምርመራው ይህንን አይናገርም። ሰው ሳያመው ሊይዘው ይችላል፤ ማን ቀድሞ ተያዘ የሚለውን ግን ከዚህ ተነሥቶ ማንም ሐኪም ሊነግርዎት አይችልም። ሁለታችሁም ዛሬ መድኃኒት ትጀምራላችሁ። የተወጉት መርፌም እንዳላዳንዎት እያየን ነው። ለምርመራ ደም ብትሰጡም ጥሩ ነው፤ በዚህ መንገድ ሌላም በሽታ ይመጣል።»

ሌላ በሽታ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም። በየሰፈሩ የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው በእሱ ነው፤ ስሙ ግን አይጠራም። ባሌ በደህና እጁ የሕክምና መሣሪያውን ሳሕን አንሥቶ ወደ እኔ ወረወረው። ግንባሬን ፈነከተኝ። ዘበኛው ከኋላው አንቆ እስኪጥለው ድረስ፣ «እኔን በሽተኛ ልታሰኘኝ ነው!» እያለ በእግሩ ይፈልገኝ ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤቱ አልተመለስኩም። እማማ በራሳቸው ክፍል ፍራሽ አነጠፉልኝ፤ እሱንም ከግቢያቸው አስወጡት። መድኃኒቴን ጨረስኩ፣ ጨብጡ ለቀቀኝ። የቀረው ደሙ ነበር። ወደ ኢንተርኔቱ ተመለስኩ። አንዱ ገጽ ሦስት ወር ጠብቀሽ ተመርመሪ ይላል፣ ሌላው ስድስት። ሐኪሟን ስጠይቃት «አሁንም ስጪ፣ ቆይተሽም ድገሚው» አለችኝ። ሰጠሁ፤ ነጻ ነሽ ተባልኩ። በስድስተኛው ወር ስደግመው፣ ውጤቱን እስኪሰጡኝ ድረስ የተቀመጥኩበትን አግዳሚ በጥፍሬ ልጬዋለሁ። አሁንም ነጻ ነበርኩ።

ባሌ ሽማግሌ የላከው ከዚያ በኋላ ነው። ክንዱ ድኖ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ ከሦስት አዛውንቶች ጋር እማማ ቤት መጥቶ ተቀመጠ። ሁለቱም ተመትተዋል፣ ዕዳው እኩል ነው፣ ይቅር ተባባሉ አሉን። የምጠይቀው ነገር ካለ ተባልኩ።

«እኔ ደሜን ሰጥቻለሁ። እሱም ይስጥ። ከዚያ በኋላ ስለ ዕርቅ እንነጋገራለን።»

ሽማግሌዎቹ ወደ እሱ ዞሩ። ከአንገቱ ቀና ብሎ፣

«ሚስት ባሏን መርምሩልኝ ትላለች?» አለ።

«አዎ፣ እላለሁ» አልኩት።

ከወንበሩ ዘሎ ሲነሣ አንደኛው ሽማግሌ በከዘራቸው ደረቱን ከለከሉት። ነጠላውን ሰብስቦ ወጣ። ደሙን ሳይሰጥ ነው የተፋታነው።