ከገደብ በላይ አሥራ አምስት ግራም

የራሳችሁን ደብተር ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብባችሁ፣ በገዛ እጅ ጽሑፋችሁ ደንግጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደንግጫለሁ። ከሚሴ ውስጥ፣ በአንድ ጠባብ ቢሮ፣ በእንጨት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው መርማሪ ጣቱን በምላሱ እያራሰ ገጹን ሲገልጥ፣ «ይህን የጻፈው አደገኛ ሰው ነው» ብዬ ላምን ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

በቅደም ተከተል ልናገር፤ ያለዚያ አይገባም።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ከሚሴ የመጀመሪያ ምድቤ ናት። የሳይንስ ክበቡን እንድመራ ሲነገረኝ ለተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ ይዤ ገባሁ። መርከቦች በእንፋሎት ይሄዱ በነበረበት ዘመን ቶርፒዶ ጀልባ የሚባሉ ትንንሽ ጀልባዎች ነበሩ። ቶርፒዶ በውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ ነው። ጀልባዋ እሱን ይዛ ወደ ትልቁ መርከብ ትጠጋለች፣ ትለቅቀዋለች፣ መድፍ ሳያገኛት ትሸሻለች። ለመሸሽ መፍጠን አለባት። አንዳንዶቹ ደግሞ በሌላ መርከብ ጀርባ ተጭነው ሄደው በማንሻ ወደ ውሃ የሚወርዱ ስለነበሩ፣ ማንሻው ከሚችለው በላይ መክበድ አይፈቀድላቸውም።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ለመፍጠን ትልቅ ማሞቂያ ያስፈልጋል። ትልቅ ማሞቂያ ይከብዳል። የከበደ ጀልባ ውሃው ውስጥ ጠለቅ ይላል፣ ውሃው ይይዘዋል፣ ይዘገያል። ሲዘገይ ደግሞ ሌላ ትልቅ ማሞቂያ ያምረዋል። መሐንዲሶቹ ብረቱን እያሳሱ፣ ብሎኑን እየቆጠሩ፣ ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ነበር የሚታገሉት። ይህን ስነግራቸው የተማሪዎቹ ዓይን በራ። ዓሣ አስጋሪ ጀልባ ብዬ ማስተማር እችል ነበር፤ አልካድም። ዓሣ አስጋሪ ቢሆን ግን ዓይናቸው እንደዚያ አይበራም ነበር።

እኛ የሠራናት ከቲማቲም ቆርቆሮ ነው። ከፍሪጅ ጠጋኝ የለመንነው ቀጭን የመዳብ ቱቦ ተጠቅልሎ ከሻማ በላይ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ከኋላ ወደ ውሃው ይወጣሉ። በቱቦው ያለው ውሃ ሲፈላ እንፋሎቱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ጀልባዋ ወደ ፊት ትሄዳለች፣ ቱቦው እንደገና ውሃ ይስባል። ቶርፒዶዋ አንዲት የክብሪት እንጨት ነበረች። ገደቡ መቶ ሃምሳ ግራም። ሥራውን ለሦስት ቡድን አካፈልኩት፤ ቀፎ፣ ማሞቂያ፣ ሚዛን ብዬ። የጨዋታውንም ሕግ በክበቡ ደብተር አሰፈርኩ።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ፈተና ሳርም ሁለት ሰዎች መጡ። መጀመሪያ የጠየቁት የክበቡን ደብተር ነው፤ ቀጥሎ እኔን። ያን ሰሞን መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ የሰነበተበት፣ ሰው ጎረቤቱን በጎን የሚያይበት ጊዜ ነበርና ብዙ አልገረመኝም። ቀይ እስክሪብቶዬን ሳልከድነው ወጣሁ። አእምሮ የማይረባ ነገር ይይዛል፤ መንገዱን ሙሉ «ቀለሙ ይደርቃል» እያልኩ ነበር የምጨነቀው።

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ጫማ ነው። አሥራ አንድ ጥንድ፣ በግድግዳው ሥር ተደርድሯል። የእኔ አሥራ ሁለተኛው ሆነ። ክፍሉ በርዝመቱ አምስት፣ በወርዱ አራት እርምጃ ነው፤ ለካሁት። መስኮቱ ከራስ በላይ ስለሆነ ሰማይ እንጂ መንገድ አይታይም። መንገዱ ግን ይሰማል። «ደሴ! ደሴ! ኮምቦልቻ አንድ ሰው!» የሚሉ ረዳቶች፣ የባጃጅ ጥሩምባ። ከእኛ በቀር ሁሉም የሆነ ቦታ ይሄድ ነበር። መቀመጥ አቃተኝ። አምስት እርምጃ ሄጄ እዞራለሁ፤ አምስት እርምጃ ተመልሼ እዞራለሁ።

«ያ በርሲሳ፣» አለኝ ከጥጉ አንድ ሽማግሌ። በርሲሳ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ ወሬዬ ቀድሞኝ ገብቷል። «አብሽር፣ ቁጭ በል። እግርህ የሚወስድህ የለም፤ እኛን ነው የምትረግጠን።»

የሰንበቴ ገበያ ግመል ነጋዴ ናቸው። ከእሳቸው ግመል የገዛውን ሰው ማንነት ተጠይቀው «ግመሉን እንጂ ሰውየውን አልመረመርኩም» በማለታቸው መታሰራቸውን ራሳቸው ነገሩኝ።

«አንተስ በምን?»

«በጀልባ።»

አንዱ እስረኛ «ቦርከና ወንዝ ላይ?» ሲል ሳቁ ፈነዳ።

«ወላሂ፣» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ባሕር የሌለው አገር በዶኒ ሰው ያስራል!» ዶኒ ያሉት ጀልባውን ነው።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁና ያ የደብተር ንባብ ሆነ። መርማሪው ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እንደ ዜና አንባቢ ነበር የሚያነበው። «‹ክብደት ከመቶ ሃምሳ አይለፍ፤ ካለፈ አናመልጥም።› ‹ጭስ መታየት የለበትም።› ‹ወደ ዒላማው ፊት ለፊት አይኬድም።› ‹ሙከራ፦ ጨፋ፣ ቅዳሜ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ።›» ቀና አለ። «መቶ ሃምሳ ምን? ኪሎ?»

«ግራም።»

«ግራም የሚመዝን ጀልባ?»

«ከቲማቲም ቆርቆሮ ነው የተሠራችው። እናንተው ዘንድ አለች፤ ከቤተ ሙከራው ወስዳችኋል።»

«ቶርፒዶ ምንድን ነው?»

ማብራራት እወዳለሁ፤ ትልቁ ጥፋቴ ይህ ነው። ከላይ ለእናንተ እንዳስረዳሁት ሁሉ አስረዳሁት። ከጎኑ ቃሌን የሚመዘግበው ጸሐፊ ከዚያ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፤ «ፈንጂ»።

«ቀፎ፣ ማሞቂያ፣ ሚዛን፣» አለ መርማሪው። «ጥሩ የምስጢር ስም ነው። እነማን ናቸው?»

የፈራሁት ይህን ነበር። ስማቸው ደብተሩ ላይ አልነበረም፤ በጭንቅላቴ ነበር። ሦስት ቡድን፣ አሥራ አራት ስም፣ ሁሉም ለመልቀቂያ ፈተና የሚዘጋጁ።

«ተማሪዎች ናቸው፤» አልኩ።

«ተማሪ ስም የለውም? ነገ እናየዋለን።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ እንደገና መሄድ ጀመርኩ። አምስት እርምጃ፣ መዞር። ነገ ምሳ ይዞ ከሚመጣው ሰው ጋር አንዱ ተማሪ ቢመጣስ? «ቀፎውን እኔ ነኝ የሠራሁት» ብሎ ቢኮራስ? ይኮራል፤ እንዲኮራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው የሱሪዬን እግር ይዘው አስቀመጡኝ። «ስለ ዶኒህ ንገረኝ። ስታወራ ትረጋለህ።»

ነገርኳቸው፤ ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ አዙሪቱ። በጥሞና ሰሙና፣ «ይህማ የእኛ ሥራ ነው፤» አሉ። «ሩቅ ልትሄድ ውሃ ትጭናለህ። ውሃው ይከብዳል። ግመሉ ይደክማል፣ መንገዱ ይረዝማል። መንገዱ ሲረዝም ሌላ ውሃ። ውሃ ተሸክሞ ውሃ ፍለጋ!»

«ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ግመል ሲጫን ይጮሃል፤ ጩኸቱን አትስማ፣ ልማዱ ነው። ዝም ብሎ አልነሳም ሲል ግን ስማ። ያኔ ጭነቱን ሁሉ አትፍታ። የመጨረሻ የጫንከውን አውርድ። እሱ ነው የሚበቃው።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ግቢው አወጡኝ። ልብስ የሚታጠብበት ሰማያዊ ሳፋ ውሃ ተሞልቶ ቆሟል። መርማሪው ጀልባዋን በሁለት እጁ እንደ እንቁላል ይዟታል። ያልጠበቅሁትን ነገር አየሁ። በቀኝ ጎኗ፣ ቀዳዳ ተበስቶ፣ ቁጥር የተጻፈበት የጣውላ ቁራጭ በወፍራም ሽቦ ታስሮባት፣ ቋጠሮው በቀይ ሰም ታትሟል። ኤግዚቢት፣ የክስ ማስረጃ፣ ሆናለች።

«አሠራት፤» አለኝ።

ቱቦውን ውሃ ሞላሁ፣ ሻማውን ለኮስኩ። ሁለቱ ጠባቂዎች ከውሃ ሮቶው ጀርባ ገቡ። የክፍላችን በር ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት በሰው ፊቶች ተሞላች፤ ከፊት የሽማግሌው ጢም ይታያል።

ጀልባዋ ወደ ቀኝ አዘመመች። በውሃውና በቆርቆሮው ከንፈር መካከል የቀረው ጣት አይሞላም። ጠበቅን። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፤ ተክ፣ ተክ፣ ተክተክተክ። ተንቀሳቀሰች። ቀጥ ብላ መሄድ ግን አልቻለችም፤ እንደተጠመደ በሬ በሳፋው ውስጥ ትዞር ጀመር። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። አንደኛው ጠባቂ ከሮቶው ጀርባ ወጣ።

«ለምን ቀጥ አይልም?» አለ መርማሪው።

«ከብዷታል። የኤግዚቢት ቁጥሩ ነው፤ ከገደቡ አሳልፏታል፣ ያውም በአንድ ጎን። ቢነሳ ቀጥ ትላለች።»

«ኤግዚቢት አይፈታም።»

«አውርዱለት እንጂ!» የሚል ድምፅ ከመስኮቷ መጣ። «የመጨረሻ የጫናችሁትን አውርዱ!»

ጠባቂው ሳቀ፤ ሳቁን ግን ወዲያው በሳል ሸፈነው። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጀልባዋን ሲያነሳ ቱቦው አውራ ጣቱን ጠበሰው። ጣቱን ሳፋው ውስጥ ነከረው።

ቢሮ ስንገባ የተዘጋጀ ወረቀት ሰጠኝ። ከላይ «የፈንጂ ጀልባ ለመሥራት የተደራጁ ቡድኖች» ይላል። ከሥሩ ሠንጠረዥ አለ። በግራ፦ ቀፎ፣ ማሞቂያ፣ ሚዛን። በቀኝ፦ ባዶ።

«ሙላውና ዛሬ ከምሳ በፊት ቤትህ ነህ። ካልሞላኸው ከዚህ ትዛወራለህ፤ የት እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ጀግና ነበርኩ አልልም። ከውጭ «ደሴ! ደሴ!» ይሰማል። ደሴ እናቴ አለች። የሽማግሌውን ነገር አሰብኩ። የመጨረሻ የተጫነብኝ ምንድን ነው? «ከምሳ በፊት ቤትህ ነህ» የሚለው ነው። እሱን አወረድኩ። ሌላው፣ ፍርሃቱም ጭምር፣ እንዳለ ቀረ፤ ግን መነሳት ቻልኩ።

መጀመሪያ «የፈንጂ ጀልባ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዤ ከላዩ «የእንፋሎት ጀልባ ሞዴል» ብዬ ጻፍኩ፤ የተማሪ ስህተት እንደማርመው። ቀጥዬ በቀኙ በኩል ሞላሁ። ቀፎ፦ ሰባ ግራም። ማሞቂያ፣ ቱቦና ውሃው፦ አርባ ግራም። ሚዛን፣ ሻማውና መቆሚያው፦ አሥራ አምስት ግራም። ሠንጠረዡ የሚያስፈልገው ሁለት ረድፍ ጎድሎ ስለነበር በወረቀት ጠርዝ አስምሬ ጨመርኩ። የኤግዚቢት ቁጥር፦ በግምት አርባ ግራም። ድምር፦ መቶ ስድሳ አምስት። ከገደብ በላይ አሥራ አምስት። ፈረምኩበት።

ለረጅም ጊዜ አነበበው።

«ስም ነው ያልኩህ።»

«ከዚህ ሌላ የምሞላው የለኝም።»

አልጮኸም፣ አልመታኝም። ወረቀቱን በደብተሩ ውስጥ አስገብቶ ዘጋው፤ የተጠበሰ ጣቱን በሌላው እጁ ይዞ በሩን በዓይኑ አሳየኝ። ክፍል ስገባ ሽማግሌው ፊቴን አይተው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነሳ ቁጭ አልኩ።

አልተዛወርኩም። አልተፈታሁምም። ብዙ ጁምዓ አለፈ። አንድ ጠዋት «ዕቃህን ያዝ» ተባልኩ፤ ምክንያት የነገረኝ የለም። ደብተሩን አልመለሱልኝም። ጀልባዋን ግን መለሱልኝ፣ ከነሰሙ፣ ከነሽቦው። አሥራ አራቱም ፈተናቸውን ተፈትነዋል።

አሁን በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ናት። የኤግዚቢት ቁጥሩን አልፈታሁትም። በየዓመቱ መጀመሪያ ለአዲሶቹ ተማሪዎች በሳፋ ውስጥ አስነሳትና «ለምን ትዞራለች?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን ታሪክ አልነግራቸውም፤ መልሱን በሚዛን ያገኙታል። እኔም የጣውላውን ክብደት ያወቅሁት ከእነሱ ጋር ነው። አርባ ሦስት ግራም ሆኖ ተገኘ። በሦስት ግራም ተሳስቼ ነበር የፈረምኩት። ይህ አሁንም ይከነክነኛል።

አሁንም ቁጭ ብዬ ማረም አልችልም፤ በመምህራን ማረፊያው ውስጥ አምስት እርምጃ እየሄድኩ እዞራለሁ። ባለፈው ሰንበቴ ገበያ ስዞር ግን ከኋላዬ «ያ በርሲሳ! ዶኒህ ቀጥ አለ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌው ግመል ያስጭኑ ነበር።

«ገና ነው፣ አባቴ።»

«አብሽር። ኢንሻ አላህ ቀጥ ይላል፤» ብለው ወደ ጭነታቸው ዞሩ።

እናንተም ሞክሩት፤ እለምናችኋለሁ። አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ክንድ ቀጭን የመዳብ ቱቦ፣ አንድ ሻማ፣ አንድ ሳፋ ውሃ ይበቃል። ገደብ አውጡና አጥብቃችሁ ያዙት። ጀልባዋ አልሄድ ስትላችሁ ለትልቅ እሳት አትቸኩሉ። መጨረሻ የጫናችሁባት ምን እንደሆነ እዩ፣ እሱን አውርዱና ጆሯችሁን ወደ ውሃው ጠጋ አድርጉ።