ዋንጫው ዘንድሮ ለምን ከበደ

ለመላው የአምቦና የአካባቢው ሕዝብ... ከባድ ዜና ለመናገር ተገድጃለሁ። ቅዳሜ በተደረገው የዓመቱ ምርጥ አትሌቶች ሽልማት ላይ፣ ሙሉ አዳራሽ እያየ፣ አንድ ጥቁር ኮት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። እኔ እስካሁን ከድንጋጤዬ አልወጣሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ጫልቱ አምና በአምስት ሺህ ሜትር የዓመቱ ምርጥ ተብላ ዋንጫ ወስዳለች። ዋንጫው ግን ተዟዟሪ ነው። ዓመት ጠብቀህ ትመልሳለህ፣ ካሸነፍክ መልሰህ ትወስዳለህ። ዘንድሮም እሷ ናት ይባላል፤ ዋንጫውን የምታነሳዋን ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ክለብ ሊወስዳት ነው። እኔ ሁሌም «አንቺ ፈጣን ሆነሽ መሰለሽ? ከኋላሽ ያሉት ናቸው ሰነፎች» እላታለሁ። ጫማ ትወረውርብኛለች... ለውርወራም ትሆናለች።

ዋንጫው የከረመው ወንጪ፣ አባዬ ቤት ነው። ጠዋት በጋቢው ጠቅልሎ ይዞት መጣ። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበለው ክንዴ ሊገነጠል።

«አባዬ፣ ይሄ ዋንጫ አንተ ጋ ወፍሯል እኮ።»

«ያ ጉርባ፣ ቀጥ አድርገህ ያዝ። እንዳታጋድለው» አለኝ። አንተ ልጅ ማለቱ ነው።

አዳራሹ በር ላይ የጫልቱ አሠልጣኝ ጋሽ ደረጀ ፊቱን አኮሳትሮ ጠበቀን። «ኮሚቴው ዋንጫውን ያየዋል። አበላሽቶ የመለሰ ዘንድሮ አይወስድም ተብሏል» አለ። ጫልቱ የቱታዋን እጅጌ መንከስ ጀመረች። ውድድር ላይ እንኳን እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

ዋንጫው ክዳኑን እንደደፋ መድረክ ላይ፣ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ንግግር ተጀመረ... ቀጠለ... እኔ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ሳይ፣ ከዋንጫው እግር ሥር ነጭ ነገር ጠብ ይላል። ጠብ...

ወደ አሠልጣኙ ጆሮ ተጠጋሁ። «ጋሼ፣ ዋንጫው ውስጥ የሆነ ነገር አለ።»

«ዛሬ እንኳን እረፍ።»

«እውነቴን ነው፣ እያፈሰሰ ነው።»

«መኪናው ጥሏችሁ ሄደ ብለህ ልጆቹን እስከ ጉደር መንገድ ያስሮጥካቸው አንተ አይደለህም?»

ምን ልበል... እኔ ነኛ።

ይሄን ስንባባል የክብር እንግዳው፣ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሽማግሌ፣ «ይህ ዋንጫ የላብ ውጤት ነው» አሉና በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ አነሱት። ከበዳቸው። ዘመም አለ። ክዳኑ ወደቀ...

እርጎ።

የወንጪ እርጎ፣ የረጋ፣ ቅቤው ያልወጣ። ከመላጣቸው ጀምሮ መነጽራቸውን አልፎ ክራቫታቸው ላይ ደረሰ። ኮቱ የሞተው እዚህ ላይ ነው።

ልናጨበጭብ ያነሳነው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ የሚያውቀኝ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ጋሽ ደረጀ ኮሌታዬን ጨበጠና «ገደልካት» አለኝ። ጫልቱ ጫማ እንኳን አልወረወረችብኝም። እሱ ባሰኝ። እኔ አይደለሁም ብል ማን ያምነኛል?

አባዬ ከኋላ ወንበር ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ።

«የሞላሁት እኔ ነኝ። የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ዓመት ሙሉ ቤቴ ከርሞ ባዶውን ብሰድ፣ ልጄን ከምን ቤት ወጣች ይሏታል?»

የክብር እንግዳው መነጽራቸውን አወለቁ። ከንፈራቸው ላይ የቀረውን ቀመስ አደረጉ።

«እናቴም የጎረቤት ሰሃን ባዶ አትመልስም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ወደ ኮሚቴው ዞሩ። «ዋንጫው ተበላሽቷል?»

ኮሚቴው ጠርጎ፣ ገልብጦ አየው። ጭረት የለውም። ቅባቱ እንዲያውም አወዝቶታል።

የጫልቱ ስም ተጠራ። እርጎው ላይ ልትንሸራተት ለጥቂት ተረፈች፣ ግን ዋንጫውን ይዛ ወረደች። ጋሽ ደረጀም ኮሌታዬን ለቀቀኝ፣ ይቅርታ ግን የለም። አባዬ ዋንጫውን ተቀበላት፣ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ... ቅር አለው።

«እነሱ ግን ባዶውን ነው የሚሰጡን?»

እንግዲህ ከባድ ዜና ያልኳችሁ ይኸው ነው... አንድ ዋንጫ እርጎና አንድ ኮት። ኮቱም ላውንደሪ ገብቶ ከሞት ተነስቷል አሉ።