በሐይቁ ዳር ያገኘሁት አዲስ ዝርያ

መቱ ከተማ ባዮሎጂ ሳስተምር የከተማው ወፍ አዋቂ እኔ ነበርኩ። ዕውቀቴ በሙሉ የተቀዳው ከአንድ ወፍራም የወፎች መጽሐፍ ነው፤ ግማሹ ስለ ባሕር ወፎች ስለሆነ ለእኛ ለኢሉባቦር ሰዎች እጅግ ይጠቅማል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ካለች ትንሽ ሐይቅ ዳር፣ የሩቅ ማያ መነጽሬን ይዤ እቀመጣለሁ። ራሱ ነጭ የሆነውን ዓሣ በል ንስር ማንም ያውቀዋል። አንድ ቀን ግን አጠገቡ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር ንስር አየሁ። መጽሐፉ ስለ ወፎች ዕድሜ አንድ ምዕራፍ ነበረው፤ ዘለልኩት። አዋቂ ሰው ሁሉን አያነብም። አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብዬ ለወረዳው ሪፖርት ጻፍኩ፤ ወረዳውም ሐይቁ ዳር የሁለቱን ንስሮች ሥዕልና የእኔን ስም የያዘ ሰሌዳ አቆመ።

እዚያው ትልቅ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ አንድ ሽማግሌ ሰሌዳውን አይተው፣ ወደ ቡናማው እየጠቆሙ «ባርሲሳ፣ ኩን ኢልማ ኢሳቲ» አሉኝ፤ መምህር፣ ይሄ እኮ ልጁ ነው ማለታቸው ነው። ቀፎ ሊሰቅሉ ሲወጡ የንስሩን ጎጆ ያዩታል። እኔም የተማረ ሰው ፈገግታ ፈገግ አልኩላቸው።

ከዓመት ዓመት የቡናማው ራስ እየነጣ ሄደ። ያን ጊዜ ምዕራፉን አነበብኩት፤ አንብቤም ዝም አልኩ። ስሜ ሰሌዳ ላይ ነበራ።

በአራተኛው ዓመት «ብርቅዬው ወፍ ጠፋ» ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ተጀመረ፤ ጥፋተኛም አልታጣም። የሽማግሌው የማር ቆረጣ ጢስ ነው ተባለና ቀፎዎቻቸው ከሐይቁ ዳር ይውረዱ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሰውየው የሚኖሩት በዚያ ማር ነው። ከኋላ ተቀምጠው እኔን ብቻ ያዩኛል። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

እጄን አወጣሁ።

«ወፉ አልጠፋም፣ አድጎ ነው» አልኩ። «እሳቸው ያኔውኑ ነግረውኝ ነበር።»

ቀፎዎቹ ተረፉ፤ ሰሌዳው ተነቀለ፤ ወፍ አዋቂነቴም አብሮት ሄደ። ስንወጣ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ግድ የለም፣ መምህር። ንስሩም ራሱ እስኪነጣ አራት ዓመት ፈጅቶበታል።»