የጭምት ታብሌት

ሰውየውን በስሙ የሚጠራው የለም። ሚስቱ እንኳ «ጆሮ» ነው የምትለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ አዳራሽ የኋላ ጥግ ከሚክሰሩ ፊት ተቀምጦ የሌሎችን ድምፅ ሲያስተካክል ኖሯል። ስድስት ሰው ባንድ ላይ ሲጫወት የማን ክር እንደላላ ቀና ብሎ ሳያይ ይናገራል ይሉ ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ የግራ ጆሮው ከድቶታል። መጀመሪያ የሸሹት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ የድራሙ የነሐስ ሳህን፣ የሲምባሉ ጫፍ፣ ዘፋኝ «ስ» ስትል የሚያፏጨው ትንፋሽ። ስለማይሰማቸው ትሬብሉን፣ የቀጭን ድምፅ ማጉሊያውን፣ ይጨምራል። እሱ ሲጨምር የተመልካቹ ጥርስ ይፋጫል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነው፤ በእሱ ላይ ግን ቃል በቃል ደረሰ።

ይህን ጉዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የኪቦርድ ተጫዋቹ። ከአፉ ቃል ጠብ ስለማይል «ጭምት» ይሉታል። ትሬብሉ ሲበዛ ጭምት ከመድረክ ላይ ሆኖ ግራ እጁን ከኪቦርዱ ያነሳና በአንድ ጣቱ ወደ መሬት ይጠቁማል። ጆሮ ያያል፤ ይቀንሳል። ማንም ሳይነቃባቸው እንዲህ ተሸፋፍነው ከረሙ።

አንድ ቀን ዕቃ ሲጠቀለል ጭምት ጠጋ አለና፣ «ሐኪም አሳየው እንጂ። ጣቴ ሁልጊዜ አይገኝም» አለው።

ጆሮ ደሙ ፈላ። «ዕድሜ ልክህን ዝም ብለህ፣ አፍ ያወጣኸው እኔን ለመስደብ ነው?» ብሎ ገመዱን ወርውሮ ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊት ነሳው። ስምንት ወር ሙሉ ሰላም አላለውም። የሚገርመው፣ ጭምት በኩርፊያውም መሃል ጣቱን መጠቆም አልተወም፤ ጆሮም ፊቱን ሳያይ ጣቱን ብቻ እያየ ይቀንስ ነበር። ከዚያ ጭምት «ትንሽ አሞኛል» ብሎ ቀረ። ሕመሙ ትንሽ እንዳልነበረ የተሰማው ሲቀበር ነው። ጆሮ ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ፣ እንባው እንዳይታይበት መነጽሩን ሲጠርግ ዋለ።

አራት ወር አለፈ። የባንዱ ድምፃዊት አንድ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝግጅት ነበራት፤ ሌላ ኪቦርዲስት ግን ገና አላገኘችም። በዝግጅቱ ቀን ጠዋት የጭምት ሚስት በጨርቅ የተጠቀለለ ታብሌት ይዛ አዳራሹ ገባች።

«የስምንቱንም ዘፈን የራሱን ድርሻ ቀድቶበታል» አለች። «አልጋ ላይ ከመዋሉ በፊት ነው። ‹ሥራ እንዳይቆምባቸው ስጫቸው› ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ከእጄ መልቀቅ ያቃተኝ።»

ድምፃዊቷ አቅፋት አለቀሰች። ጆሮ ታብሌቱን ተቀበለ። ብርድ ልብስ ውስጥ እንደከረመ ነገር ይሞቅ ነበር። ሴትየዋ በብብቷ ይዛው መጥታ ይሆናል አለ በልቡ።

ሥራ ሲይዝ ይረጋጋል። አንድ ትንሽ ራስና ሁለት ትልልቅ ራስ ያለው ገመድ አወጣ። ትንሹን ታብሌቱ ላይ፣ ሁለቱን ሚክሰሩ ላይ ሰካ፤ ግራውን አሥራ አንደኛው መስመር ላይ፣ ቀኙን አሥራ ሁለተኛው ላይ። በግራ የሚመጣው ኪቦርዱ ነው፤ ለአዳራሹ ይለቀቃል። በቀኝ የሚመጣው ግን «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ቆጠራ ብቻ ስለሆነ፣ ከከበሮ መቺው፣ ከድራመሩ የጆሮ ማዳመጫ በቀር ለማንም አይሄድም። የድራመሩ ዱላ ከቆጠራው ጋር ከሄደ ሌላው ሁሉ ድራመሩን ይከተላል። ቻርጀሩን ሲሰካ ስፒከሩ እንደ ንብ ቀፎ እምም አለ፤ ነቀለው። ባትሪው ሰማንያ ሦስት በመቶ ነው፤ ይበቃል። መሃል ላይ መልእክት ገብቶ በአዳራሹ ሙሉ እንዳያንጫርር ኔትወርኩን ዘጋ፤ ስክሪኑም በራሱ እንዳይጠፋ አደረገ።

ድራመሩ ገና የሲምባሉን መቆሚያ እያጠበቀ ነበር። ጆሮ ደህና በሆነው በቀኝ ጆሮው ማዳመጫውን ያዘና የመጀመሪያውን ዘፈን ነካ። መጀመሪያ የክፍል ዝምታ መጣ፤ የወንበር ሲጥ ማለት፣ የሰው ትንፋሽ። በአሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ አለች። ከዚያ፣ አጠገቡ እንደቆመ ሰው፦

«ጆሮ። ትሬብሉን ቀንስ።»

እጁ ከአእምሮው ቀድሞ ትሬብሉን ቀነሰ። ሰውነቱን ውርር ያደረገው ቆይቶ ነው። ወደ መድረኩ ቀና ሲል ኪቦርዱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው፤ ወለሉ ላይ የመቆሚያው እግር የለቀቀው ጠባሳ ብቻ ይታያል። ወደኋላ መልሶ ሰማው። ድምፁ አለ። የተቀዳ ነው፤ ደግሞም የጭምት ነው።

«ዛሬ ምን አድርገህበት ነው?» አለች ድምፃዊቷ ሁለት መስመር ከዘፈነች በኋላ። «ድምፁ እንዴት አማረ!»

«ምንም» አላት።

አስቸጋሪው አራተኛው ዘፈን ነበር። መሃሉ ላይ ድምፃዊቷ አንዲት ድምፅ ይዛ ደስ ያላትን ያህል ትቆያለች። ጭምት በሕይወት ሳለ ዓይኑን ትከሻዋ ላይ ተክሎ ይጠብቃታል፤ ትከሻዋ ዝቅ ሲል ይገባል። የተቀዳ ነገር ግን ትከሻ አያይም። ስለዚህ ሞከሩት፤ ታብሌቱ ላይ ስምንት ጊዜ ይቆጠርና ኪቦርዱ ይገባል።

«ስምንት ከሆነ ስምንት ነው፤ እህቴ፣ እዚያ ላይ እንዳትጠፊ» አላት ድራመሩ።

«ዕድሜ ልኬን እንዳሻኝ ስሆን ኖሬ፣ ዛሬ በጊዜ ሰሌዳ ልታሠሩኝ!» ብላ ሳቀች። ግን ሦስቴ ሞክረው ሦስቴም ልክ በስምንት ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። በጎን መስኮቶች ፀሐይ እየገባ፣ መጋረጃው አልገጥም ስላለ ግማሹ ተመልካች ብርሃን ላይ ነው የተቀመጠው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች ያለ እንከን አለፉ። ሰዎች ባዶውን ቦታ እያዩ ኪቦርድ ሲሰሙ መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል፤ ከዚያ ይለምዱታል።

አራተኛው ዘፈን መጣ። ድምፃዊቷ ድምፅዋን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ጆሮ በልቡ ይቆጥራል፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። አላቋረጠችም። ፊቷ ላይ እንባ ይወርዳል፤ ቆጠራውን ረስታዋለች። አሁን ኪቦርዱ በላይዋ ላይ ይገባና ነገር ይበላሻል ብሎ ጣቱን የአሥራ አንደኛው መስመር መቆጣጠሪያ ላይ ጣለ፤ ዝቅ ሊያደርገው።

ኪቦርዱ አልገባም።

ዘጠኝ። አሥር። ድራመሩ ዱላውን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ጆሮ ዞረ። ጆሮ ማዳመጫውን ቀኝ ጆሮው ላይ ጫነ። ቆጠራው ቆሟል። ታብሌቱ ግን አልቆመም፤ ስክሪኑ ላይ ሴኮንዶቹ ይሮጣሉ። በቀኙ መስመር የሚሰማው ያ የክፍል ዝምታ ነው፤ በዝምታው ውስጥም ትንፋሹን የያዘ ሰው አለ። ትንፋሽ የያዘ ሰው ድምፅ የለውም ይባላል። ሠላሳ ዓመት የሠራበት ሰው ግን ያውቀዋል።

የድምፃዊቷ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ትከሻዋ ዝቅ አለ።

በዚያችው ቅጽበት ኪቦርዱ ገባ። አልቀደመም፤ አልዘገየም።

ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ጆሮ ሁለት እጁን ከሚክሰሩ ላይ አነሳ። የቀሩትን አራት ዘፈኖች ማን እንዳስተካከላቸው አያውቅም።

ሰው ከወጣ በኋላ ድራመሩ ገና ላቡን ሳይጠርግ እየሮጠ መጣ። «አንተ ነህ ያቆምከው?»

«አልነካሁትም።»

«በእናትህ?»

«በእናቴ።»

ዘፈኑን ከታብሌቱ ላይ ከፈቱት። ርዝመቱ አምስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ ይላል። አጫወቱት፤ ስምንት ቆጥሮ ገባ። ደገሙት፤ ስምንት ቆጥሮ ገባ። ሚክሰሩ ግን ዝግጅቱን በሙሉ በፍላሽ ይቀዳ ነበርና እሱን ከፈቱ። የአራተኛው ዘፈን ርዝመት አምስት ደቂቃ ከሃያ አራት ሴኮንድ ነው። ድራመሩ ቁጥሩን ሁለቴ አየና ጃኬቱን አንስቶ፣ «እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ በጎን በር ወጣ። ጆሮ ድምፃዊቷን ስለ ነገሩ ሲጠይቃት አልገባትም። «ጠበቀኝ እኮ። ሁሌስ ይጠብቀኝ የለ?» አለች፤ አነጋገሯ ሰውዬው መሞቱን የረሳች ይመስል ነበር።

በማግስቱ ጆሮ ታብሌቱን በዚያው ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጭምት ቤት ሄደ። ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። የጭምትን ሸሚዞች ነው፤ ታጥበው፣ ተተኩሰው።

«እህቴ፣» አላት፣ «ይህን ሲቀዳ አጠገቡ ነበርሽ?»

«ከበር ውጪ። አንድ ቀን ብቻ ‹ለጆሮ የምነግረው አለኝ፤ ድምፅ አታሰሚ› ብሎ በሩን ዘጋው። ምን አለህ?»

«ትሬብሉን ቀንስ።»

ሴትየዋ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረባት። «ይኸው ነው? እኔ ደግሞ ይቅርታ የጠየቀህ መስሎኝ!»

«ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለ ጆሮ፤ በስምንት ወር ውስጥ ያልወጣው ቃል ያኔ ወጣለት።

ከዚያ ስለ አራተኛው ዘፈን ነገራት። ቢጠነቀቅም ሁሉንም ነገራት፤ ትንፋሹን ጭምር። ትጮሃለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን የያዘችውን ሸሚዝ ሳትጨርስ አስቀምጣ፣ «በቀደም ማታ እኔም ከፍቼው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ዘፈኑን አብሬው ላንጎራጉር ሞከርኩ፤ ማልቀስ ቀደመኝና አቋረጥኩ። እሱም አቋረጠ። ፊቴን ታጥቤ እስክመለስ ድረስ ዝም አለ። ስመለስ ካቆመበት ቀጠለ፤ ባትሪው ደክሞ ነው ብዬ ነበር።»

ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥቅልል አዩት። ሊነካው የደፈረ የለም።

«ለማንም አትንገር» አለች በመጨረሻ። «ሰው ከሰማ ሊሞክረው ይመጣል።»

«ሆድ ይፍጀው» አላት፤ ታብሌቱንም እዚያው ትቶላት ወጣ።

በዚያው ሳምንት ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ። የግራው ከግማሽ በላይ እንደሄደና እንደማይመለስ ነገሩት፤ ከጆሮው ኋላ የምትቀመጥ ትንሽ መሣሪያም ሰጡት። ለድምፃዊቷ ራሱ ነገራት። ታባርረኛለች ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ነበር፤ እሷ ግን፣ «እኔም ቀጭኑ ድምፄ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ማንም እንዳይነቃብኝ ዘፈኖቹን ወደ ወፍራም ድምፅ ዝቅ አድርጌ ነው የምዘፍነው። አንተም አልሰማኸኝም!» ብላ ሳቀችበት።

አሁን አዲስ ኪቦርዲስት ተቀጥራለች፤ ወሬኛ፣ ቀልደኛ ሴት ናት። ትሬብሉ ሲበዛባት ጣት አትጠቁምም፤ በማይክ ትጮሃለች። ጆሮ አንድ ልማድ ብቻ ጨምሯል። አዳራሹ ገና ባዶ ሳለ አሥራ ሁለተኛውን መስመር ከፍቶ፣ ምንም ያልተሰካበትን፣ አንድ ደቂቃ ያህል ያዳምጣል። አንዳንድ ቀን ቶሎ ይዘጋዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ኪቦርዲስቷ ከመድረክ፣ «ጆሮ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው? እንጀምር እንጂ!» እስክትል ድረስ ማዳመጫውን አያወርድም።