ጅማ ዛሬ ጸጥ ብላለች

አከራዬ በጅማው መንደራ ቆጪ ሰፈር የታወቁ ተረበኛ ናቸው። ገና ከሥራ ገብቼ በሬን ሳልዘጋ፣ «ቀኑን ሙሉ ከሰማይ ጋር ስታወሪ ውለሽ ለእኛ ሲሆን ምላስሽ ይታሰራል አይደል?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። እንጀራዬ ማውራት ነው። አውሮፕላን ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ላይ ተቀምጬ ለአብራሪዎች «ግባ፣ ቆይ፣ እረፍ፣ ተነሳ» እላለሁ። ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም ቃሉ ተመጥኖ። ከተመጠነው ቃል ውጭ አንዲት ነገር ብትጨምር እንደ ጥጋብ ይቆጠርብሃል። አብራሪው ያልኩትን መልሶ ይደግምልኛል። በትክክል ከደገመው ተግባብተናል ማለት ነው። እኔ ከሰው ጋር የምግባባው እንግዲህ እንዲህ ነው፣ የራሴኑ ቃል ሲመልሱልኝ።

ጅማ ስመደብ «ለጊዜው ነው» ብለውኝ ነበር። ጊዜው አላልቅ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ የጅማው መርካቶ እወርድና የማልገዛውን ጨርቅ ዋጋ እጠይቃለሁ፤ ነጋዴው እንዲከራከረኝ ብዬ ነው። ሰው ሲከራከርህ ቢያንስ የራሱን ቃል ነው የሚናገረው።

የሬዲዮአችንን ጠባይ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ። ለመናገር ቁልፍ ትጫናለህ፤ ለመስማት ትለቀዋለህ። ተጭነህ ሳለህ የሚመጣልህን አትሰማም፤ አንዱ ሲጫን ሌላው ይታፈናል። ስለዚህ ደንቡ ቶሎ ተናግሮ ቶሎ መልቀቅ ነው።

ክረምት ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ወባ ጥሎት ስለቀረ ማማው ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ረፋድ ላይ አንዲት ትንሽ የኪራይ አውሮፕላን ቡና ገዢዎችን ይዛ ከአዲስ አበባ መጣች። አብራሪውን በድምፁ አውቀዋለሁ፤ ለዓመታት አስገብቼዋለሁ፣ አስወጥቼዋለሁ። መልኩን ግን አላውቅም። ከማማው እስከሚያቆሙበት ሩቅ ነው፤ የሚታየኝ ኮፍያና ነጭ ሸሚዝ ብቻ ነው። ከጅማ በፊት ያለችው አሰንዳቦ ላይ ደርሻለሁ አለኝ። ስትቀርብ ጥራኝ አልኩት። ሲቀርብ ጠራኝ። አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር አየሁ፤ ጉም እዚህም እዚያም ተኝቶበታል እንጂ ምንም የለበትም። «ማረፍ ትችላለህ» አልኩት። ደገመልኝ። ተግባባን።

ከዚያ ሬዲዮው ዝም ማለት ሲገባው የሞተሩ ድምፅ መሰማቱን ቀጠለ። ቁልፉ ተጣብቆበታል፤ እሱ ግን አላወቀም።

ልክ ያኔ ከአጥሩ ቀዳዳ አንዲት ቀይ ላም ብቅ አለች። ከኋላዋ ሌላ። ከዚያ መንጋው ሁሉ። አገር ምድሩ ሳር ሆኖ ሳለ የእኛ ሳር ምን ቅቤ ተቀብቶ እንደሆነ እንጃ! መጡና አስፋልቱ መሃል፣ ጉሙ ውስጥ ተገትረው ቆሙ። እኔ ከላይ ሆኜ ጀርባቸው ይታየኛል። እሱ ግን ከፊት ለፊት ስለሚመጣ ጉሙን ብቻ ነው የሚያየው።

የነገርኩት ቃል ስነግረው እውነት ነበር። አሁን ውሸት ሆነ። እሱ ግን ያንኑ ቃል አምኖ፣ ሰዎቹን ጭኖ እየወረደ ነው።

ቁልፉን ተጭኜ «አትረፍ! ተመለስ!» ብዬ ጮህኩ። ደግሜ ጮህኩ። ስለቀው የእሱ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ጅማ ዛሬ ጸጥ ብላለች» ይለዋል ረዳቱን፣ በአማርኛ፣ ቤቱ እግሩን ዘርግቶ እንደተቀመጠ ሰው።

ጸጥ! እኔ ጉሮሮዬ ሊሰነጠቅ ነው!

በመስኮቱ ብቅ ብዬ ታች በር ላይ ያሉትን ሽማግሌ ጥበቃ ተጣራሁ። «አባባ! ሎን! ሎን!» ከብቶቹ ማለቴ ነው፤ በኦሮምኛ ካልጮህኩላቸው ዞር አይሉም። «ያ ረቢ!» አሉና ዱላቸውን ይዘው ሮጡ። ሩጫ ካሉት ነው፣ ጉልበታቸው የት አለና። ሬዲዮው ደግሞ ወሬውን ቀጥሏል።

«የማማዋ ሴትዮ ቆንጆ ናት?» አለ ረዳቱ እየሳቀ።

«አይቻት አላውቅም። ግን ብቸኛ ናት።»

«ደግሞ በምን አወቅህ?»

«ስትሰናበት ልብ ብለህ ስማት። ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ቁልፉን ቶሎ አትለቅም። ትንሽ ትቆያለች። እንግዳ ሸኝቶ በሩን ወዲያው እንደማይዘጋ ሰው። ታሳዝነኛለች።»

ደሜ ፈላ። እሱ ሞት አፍ ውስጥ እየገባ ለእኔ ያዝናል! «ለራስህ እዘን፣ አንተ ደንቆሮ!» አልኩት። ማን ሰምቶኝ።

ያኔ ነው መብራቱ ትዝ ያለኝ። ሬዲዮ ሲበላሽ ለአብራሪ ምልክት የምንሰጥበት፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ ትልቅ ባትሪ የመሰለ መብራት አለ። ለፍተሻ ካልሆነ ማንም አይነካውም። አቧራውን በክንዴ ጠርጌ ወደ እሱ አነጣጠርኩና ቀዩን ብልጭ ድርግም አደረግሁት። አትረፍ ማለት ነው። «ቀና በል፣ እየኝ፣ በእመቤቴ እየኝ» እላለሁ።

«ያ ቀይ ነገር ምንድን ነው?» አለ ረዳቱ።

ከዚያ ሞተሩ ሲያጓራ ሰማሁ፤ በሬዲዮም በመስኮትም። አውሮፕላኗ ከላሞቹ በላይ አለፈች። ከፍ እንዳለች ክንፏን ወዲህና ወዲያ ወዘወዘች። «አይቻለሁ» ማለት ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ቁልፉ ተላቆለት ነበር። ሽማግሌው ከብቶቹን አባርረው፣ ዱላቸውን ተንተርሰው ሳሩ ላይ ተዘርረዋል። «ማረፍ ትችላለህ» አልኩት፤ ደገመልኝ፤ አረፈ።

ብዙም ሳይቆይ የማማው ስልክ ጮኸ።

«ይቅርታ እህቴ፣ እኔ ነኝ፣ አሁን ያረፍኩት። እግዜር ይስጥሽ። በሕይወት ያለነው ባንቺ ነው። ረዳቴ ቁልፍህ ተጣብቆ ነበር አለኝ።»

«አዎ፣ ተጣብቆ ነበር።»

«ታዲያ... ብዙ ሰማሽ?»

ሰምቻለሁ፣ ልክ ነህ፣ ና ሻይ ጠጣ ልለው እችል ነበር። ደረጃውን ወጥቶ መልኬን ያይ ነበር። ግን ታሳዝነኛለች ያለው ጆሮዬ ላይ አለ። የታዘነላት ሴት ሆኜ በሩን ልከፍትለት? አልሞትኩም!

«የሞተር ድምፅ ብቻ ነው የተሰማው» አልኩት።

«ተመስገን!» ብሎ ሳቀ። ስልኩ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ሰዎቹን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ጠራኝ። አስነሳሁት። ከፍ ሲል እንደ ደንቡ ለአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች አስረከብኩትና «መልካም ቀን» አልኩት። እንዳልኩም ጣቴን ከቁልፉ ላይ እሳት እንደነካው ሰው መነጨቅሁ። አየህ፣ እኔ በር ላይ የምቆም ሴት አይደለሁም ለማለት።

ጣቴ ከተነሳ በኋላ ነው የገባኝ። ለዓመታት ያላደረግሁትን ዛሬ ለምን አደረግሁ? ስለሰማሁ ካልሆነ በቀር? በስልክ የደበቅሁትን በጣቴ ነገርኩት።

እሱም «መልካም ቀን፣ ጅማ» አለ፤ ግን አልለቀቀም። ቃል የለም፣ ሞተሩ ብቻ ይሰማል። አሁን ተጣብቆበት አይደለም፤ ቁልፉን ይዞ ቆየልኝ። እሱ ይዞት ሳለ እኔ ብናገር እንደማይሰማኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ «አለሁ» አልኩት።