ነጭ አልሆን ያለው አንሶላ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ነው። መሥሪያ ቤት አልላከኝም። ከዓመት ፈቃዴ ላይ አንድ ሳምንት ቆርጬ፣ በገዛ ገንዘቤ ነው የሄድኩት፤ ምክንያቱ ደግሞ የአልጋ አንሶላ ነው። ባለቤቴ ሻንጣዬን እስከ አውቶቡስ ተራ ተሸክሞልኝ «ለአንሶላ ብለሽ ሚዛን ተፈሪ ድረስ? እዚሁ መርካቶ ሞልቶ!» እያለ ሲስቅብኝ ነበር። እሱ ይሳቅ፤ የኔ ልብ ግን እረፍት አጥቶ ሰንብቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬ የውሃ ምርመራ ነው። ከየአገሩ በጠርሙስ የሚመጣልንን ውሃ እመረምርና ውጤቱን ጽፌ እመልሳለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ የተላከ ጠርሙስ ደርሶኝ «ብረት በዝቶበታል፤ ለጤና ግን አያሰጋም» ብዬ ፈረምኩና ረሳሁት። ዘንድሮ ከዚያው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤ መጣ። «ውሃችሁ አያሰጋም ብላችሁናል። እናቶች ግን ማዋለጃ ክፍላችንን ጥለው ቤታቸው መውለድ ጀምረዋል። አንሶላችን ቀልቶ ነጭ አልሆን አለ። የምትችሉ ከሆነ ኑና እዩ» ይላል። ከታች የኔው ፊርማ ያለበት ወረቀት ቅጂ ተያይዟል። አፈርኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

ማክሰኞና ረቡዕ፦ እስከ ሚዛን

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነበር። ወልቂጤ ላይ ምሳ በላን፣ የጊቤን ቆላ በላብ ተጠምቀን አለፍንና ጅማ አደርኩ። ሁለተኛው ቀን ግን ቆጠብ ብዬ ላውራው ብል እንኳ ወገቤ አይፈቅድልኝም። ከቦንጋ ወዲያ መንገዱ ገና በሥራ ላይ ነበር፤ ዝናቡም አልወጣም። ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘንና ወረድን። ሾፌሩ «ሴቶች ቁሙ፣ ወንዶች ግፉ!» ሲል አንዲት አሮጊት «ወንዶቹን አይተሃቸዋል? እኛው እንግፋ እንጂ» ብላ አውቶቡሱን በሳቅ ሞላችው። እውነትም ገፋን። ጫማዬን ከጭቃው ውስጥ በእጄ ቆፍሬ ነው ያወጣሁት።

ደኑ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞት ይሄዳል። በየኮረብታው ጥግ ውሃ ይንፎለፎላል፤ ከላይ ዝናብ፣ ከታች ምንጭ፣ ከድልድይ በታች ወንዝ። እዚህ አገር የውሃ ችግር አለ ብላችሁ ለአንድ የኦጋዴን ሰው ብትነግሩት ይቀየማችኋል። ሚዛን ስደርስ መሽቷል። ጭንቅላት የሚያህል አናናስ በአምስት ብር ገዝቼ፣ ስልሳ ብር በከፈልኩበት አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ግማሹን ጨረስኩና ተኛሁ።

ሐሙስ፦ ሁለቱ ብርጭቆዎች

ጠዋት ቡና ሊጭን ወደ ቴፒ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፈርኩ። በየደጁ ቀይ እሸት ቡና ተሰጥቷል፤ ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው። ጤና ጣቢያው በር ላይ ወርጄ ከጎኑ ካለች ሻይ ቤት ገባሁ። «ከጤና ጣቢያው ፓምፕ ውሃ ነው የምታፈዪው?» ብዬ ባለቤቷን ጠየቅኋት።

«ኧረ በስመ አብ! በሱማ ሻዩ ቀለም ነው የሚመስል፣ ጥቁር ይላል። ከምንጭ ነው የማስቀዳው፤ ዳገቱ ይገድላል እንጂ።»

ሻይ የሚያጠቁር ውሃ ብረት እንዳለበት እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። ደስ አላለኝም፤ የማውቀውን ለመስማት ሁለት ቀን ሙሉ መንገላታቴ ነውና።

ደብዳቤውን የጻፈችው ሲስተር አበባ ፈጣንና ቁጡ ልጅ ነች፤ ሠላሳ አይሞላትም። ማዋለጃ ክፍሉን ከፈተችልኝ። ወለሉ ተወልውሏል፣ መስታወቱ ያበራል። አልጋው ላይ የተነጠፈውን ሳይ ግን እኔው ራሴ ወደ ኋላ አልኩ። አንሶላው እዚህም እዚያም ቀይ ቡናማ እድፍ ይዟል። ጠጋ ብዬ ባሸተው የሳሙናና የበረኪና ሽታ ብቻ ነው። ዓይን ግን ደም ነው ብሎ ሞግቶ ይረታል።

«ይሄ ታጥቧል?» አልኩ።

«ሦስት ጊዜ!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ማርታ ናቸው፤ ቀጭን፣ ሃምሳውን ያለፉ፣ እጃቸው በበረኪና የተላጠ። «በአምላክ ስም ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ሰነፍ ናት ይሉኛል። የሰው ደም ላይ ታስተኛናለች ይሉኛል። እኔ ደምን ማጠብ አላውቅም?»

ሲስተር አበባ አቋረጠቻቸው። «ማን ሰነፍ አለሽ እትዬ ማርታ? በረኪናውን ጨምሪበት ነው ያልኩሽ።»

«ጨመርኩ። ባሰበት። ደግሞ ጨመርኩ። ደግሞ ባሰበት!»

እዚህ ላይ ነው ራሴን በጥፊ መምታት ያማረኝ። በረኪና! ላቦራቶሪዬ ውስጥ ሆኜ በዚህ ውሃ በረኪና ጨምረው ሊያጥቡበት እንደሚችሉ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ሁለት ብርጭቆ አስመጣሁና በፓምፑ ውሃ ሞላኋቸው። ሁለቱም ኩልል ያለ ነው። አንዱ ላይ ትንሽ በረኪና ጠብ አደረግሁ። ዓይናችን እያየ ውሃው ብጫ ሆነ፣ ከዚያ ቀላ። ሲስተር አበባ «ወይ ጉድ!» ብላ አፏን ያዘች።

ወይዘሮ ማርታ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ታዲያ እኔው ነኝ ያቀላሁት?»

«እርስዎ አይደሉም እትዬ ማርታ። ውሃው ውስጥ የሟሟ ብረት አለ። በረኪናው ሲያገኘው ያዝገዋል፤ ዝገቱ ጨርቁን ይይዛል። ደም አይደለም። ዝገት ነው።»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ልጄ ሣራ ቀኗ ደርሷል። ዓምና የመጀመሪያዋን ቤት ወልዳ ልጁ ሞተባት፤ እሷም ደም ፈሷት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰች። ዘንድሮ ነይ ብላት፣ አንቺ ያጠብሽው ላይ አልተኛም አለችኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እችለው ነበር። የገዛ ልጄ!»

ያ ልጅ የሞተው እኔ «አያሰጋም» ብዬ ከፈረምኩ በኋላ ነው። ይህን ለወይዘሮ ማርታ በዚያው ሰዓት ነገርኳቸው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ትንሽ አዩኝና «አንቺም እንደኔ አላወቅሽማ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

አርብ፦ አሸዋና ሎሚ

መፍትሔው የሚያሳፍር ቀላል ነው። ብረት ያለበት ውሃ አየር ካገኘ ብረቱ ራሱ ዝጎ ይዘቅጣል። ጨርቁ ላይ ከሚዝግ በርሜል ውስጥ ይዝጋ ነው ነገሩ። ሐሙስ ከሰዓት ዘበኛው ሁለት ንጹሕ በርሜል አወጣልን። አንድ የፕላስቲክ ሳፋ በሚስማር በሳስተን ከላይ አስቀመጥንና ውሃው እንደ ዝናብ እየተንጠባጠበ እንዲወርድ አደረግን። ወንዝ ወርደን አሸዋ አጠብን፤ ሁለተኛውን በርሜል ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ሞላነው። ውሃው በመጀመሪያው በርሜል አድሮ፣ ጠዋት በአሸዋው ያልፋል። ከዚያ በኋላ ነው በረኪና የሚጨመርበት።

አርብ ጠዋት ከአሸዋው የወጣውን ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ በረኪና ጠብ አደረግሁ። ጠበቅን። ምንም የለም። ሲስተር አበባ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሳችው። አሁንም ምንም! ያቺ ቁጡ ነርስ ግቢው መሃል እልልታዋን አቀለጠችው፤ ወረፋ የያዙ በሽተኞች ሳይቀሩ የሆነውን ሳያውቁ አጨበጨቡ።

የድሮውን እድፍ ለማስለቀቅ ሎሚና ጨው እንደሚበጅ ስነግራቸው ወይዘሮ ማርታ ሳቁብኝ። «ሎሚ? ጓሮዬ እኮ ሞልቷል፤ እየረገጥኩት ነው የምሄደው!» በሁለት ዘንቢል አመጡ። ሎሚና በረኪና ከተገናኙ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላልና፣ የአንዱን ሳፋ ከሌላው እንዲያርቁ ሦስት ጊዜ አስማልኳቸው። ስድስት አንሶላ በሎሚ አሽተን ፀሐይ ላይ አሰጣን። እስከ ስምንት ሰዓት አራቱ ነጡ። ሁለቱ እምቢ አሉ።

ከነጡት አንዱን አጥፈን ሣራ ቤት ሄድን። ቤቷ በቡና ተክል መሃል ነው። ሆዷ ገፍቶ በር ላይ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጣለች። አንሶላውን ተቀበለችን፣ ዘረጋችው፣ አሸተተችው፣ አገላበጠችው።

«አዲስ ነው። እኔን ለማታለል ገዛችሁ» አለች።

ወይዘሮ ማርታ አልተከራከሩም። የአንሶላውን ጥግ ይዘው አሳዩዋት። ባለፈው ዓመት ተቀድዶ በሰማያዊ ክር የሰፉት ስፌት ነው፤ ጠማማ ስፌት። ሣራ በጣቷ ዳሰሰችው። የእናቷን ስፌት ታውቃለች። በቤንችኛ ተነጋገሩ፤ እኔ አንድ ቃል አልገባኝም። በመጨረሻ ሣራ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «አስብበታለሁ» አለችኝ። አንድ ጎደሬ ቀቅላ አጉርሳን ሸኘችን።

ቅዳሜና እሑድ፦ መመለስ

እሺ ብትል ኖሮ ተደስቼ፣ እምቢ ብትል አዝኜ እመለስ ነበር። «አስብበታለሁ» ግን የሰው አንጀት ይበላል። ከሚዛን እስከ ጅማ፣ ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ስልኬን በእጄ ይዤ ነው የተጓዝኩት። ዝናቡ ስላባራ መንገዱ ደርቋል፤ ሰዉ ያወራል፣ ይበላል፤ እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው። ያ ውሃ እውነትም ማንንም አልመረዘም። ግን ሴቶችን ከአዋላጅ ያሸሸ ውሃ እንዴት አያሰጋም ይባላል? ለኔ የመጣልኝ ጠርሙሱ ብቻ ነው። አንሶላውን ካላየሁ፣ የወይዘሮ ማርታን እጅ ካላየሁ ውሃውን ዐውቄዋለሁ ማለት አልችልም። ከእንግዲህ ውጤት ከመጻፌ በፊት ስልክ ደውዬ «በዚህ ውሃ ምን ትሠሩበታላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከሃያ ዓመት ሥራ በኋላ ይህን መማር ያሳፍራል፤ ቢሆንም ተማርኩ።

እሑድ አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ እግሬን እንድታጠብ ውሃ አሙቆ ጠበቀኝ። አንዱን እግሬን እንዳገባሁ ስልኩ ጮኸ። የሲስተር አበባ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የሷ አይደለም።

«ልጄ! እኔ ነኝ፣ ማርታ!» ይጮኻሉ፤ ስልክ መጮኽ የሚፈልግ ይመስላቸዋል። «መጣች! ዛሬ ጠዋት በእግሯ መጣች! ሴት ልጅ ወለደች። ደም ፈሷት ነበር፣ ሲስተር መርፌ ወጋቻትና ቆመ። ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

«እሰይ! እሰይ እትዬ ማርታ!» አልኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አንሶላውን ደም ነካው። የእውነት ደም። እኔው ወሰድኩት፣ በበርሜሉ ውሃ ነከርኩት፣ አሸሁት።» እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልለየሁም። «ለቀቀ ልጄ! ይኸው ገመድ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ለቀቀ!»